ፓራፋንጎን በቤት ስለ መሥራት

አንባቢ ወዳጄ ሆይ፥ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ አሮጌ ቮልስዋገን ሳታይ የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሞተሯ ዛሬም ይሠራል፤ ፓራፋንጎዋን ግን ዝገት በልቶት ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ወጥቶበታል። የዚች መኪና ሥራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር አብቅቷል። ባለቤቷም ብዙ ጊዜ ከአባቱ የወረሳት ወይም ከደመወዙ እየቈጠበ የገዛት ወጣት ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን፦ «ፓራፋንጎውን እኔ ራሴ ብሠራውስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ «ይቻላል» ነው፤ ነገር ግን ለሚታገሥና ለሚመዝን ሰው ነው።

ለዚህ ሥራ የሚስማማው ፋይበር ግላስ የሚባለው ነገር ነው። ይኸውም ከመስተዋት የተፈተለ ቀጭን ክር ሬዚን በሚባል ወፍራም ፈሳሽ ተነክሮ ሲደርቅ የሚገኝ ጠንካራ አካል ነው። ጭድ ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ጭቃም ብቻውን ይሰነጠቃል፤ ተቦክተው ሲዋሐዱ ግን ግድግዳ ይሆናሉ። የመስተዋቱ ክርና የሬዚኑም ነገር እንደዚሁ ነው።

በዚህ ነገር መኪና መሥራት አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ሸቭሮሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ኮርቬት የምትባለውን መኪና አካሏን በፋይበር ግላስ አድርጎ ሲያወጣ፥ በዚያ ዓመት የሠራው 300 ብቻ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በጀልባ ሥራ ፋይበር ግላስን የለመደ ብሩስ ሜየርስ የተባለ የካሊፎርንያ ሰው፥ በዚሁ ነገር አካል ሠርቶ የቮልስዋገን ሞተር ገጠመለትና ሜየርስ ማንክስ የምትባለውን የአሸዋ ላይ መኪና አወጣ። እንግዲህ ከቮልስዋገን ጋር ጥንት የተዋወቀ ሙያ ነው ማለት ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከፎርማው ነው። በቮልስዋገን ላይ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ናቸውና፥ ብሎኑን ፈትተህ የተበላውን አውጣ። የግራው ለቀኝ አይሆንምና የሌላኛውን ወገን አይተህ አትታለል። ቀዳዳውን ከጀርባ ደግፈህ በስቱኮ ሙላው፤ በብርጭቆ ወረቀትም እስኪለሰልስ ሞርደው። ከዚያ በኋላ ይኸንን እንደ አብነት ይዘህ በላዩ ላይ የፋይበር ግላስ ፎርማ ታነሣለህ፤ ፓራፋንጎውን የምትሠራው በዚህ ፎርማ ውስጥ ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ቦታ ካለ፥ አንድ ወጥ ፎርማ አይለቀውም፤ ሁለት ክፍል ሆኖ በብሎን የሚገጣጠም መሆን አለበት።

እዚህ ላይ እናትህ እንጀራ ስትጋግር ያየኸውን አስታውስ። የእንጀራው ጀርባ የምጣዱን ልስላሴ ይወርሳል፤ ምጣዱም ካልታሰሰ እንጀራው ይይዛል። ፎርማም እንደ ምጣድ ነው። ነገ ሰው የሚያየው የፓራፋንጎ ፊት ዛሬ ፎርማውን የነካው ፊት ነውና፥ በፎርማው ላይ የተውካት አንዲት ጭረት በፓራፋንጎው ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ለፎርማ የተሠራውን ሰም አምስት ስድስት ጊዜ፥ በየመካከሉ እያደረቅህ ቀብተህ ወልውለው። ይኸንን የዘለለ ሰው ፎርማውንም ፓራፋንጎውንም ባንድ መዶሻ ይሰብራል።

ከሰሙ ቀጥሎ ጄል ኮት የሚባለውን ወፍራም ሽፋን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ቀባ። በጣት ሲነኩት የሚያጣብቅ ነገር ግን ጣት የማያቀባ ሲሆን፥ የመስተዋቱን ምንጣፍ በሬዚን እያራስህ ደርብ። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ምንጣፍ አንዱ ድርብ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለሚወጣው ለፓራፋንጎ ሦስት ድርብ ይበቃል፤ ለፎርማው ግን እጥፉን አድርግ። የሬዚኑ ክብደት ከምንጣፉ ክብደት ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሁን። በመካከሉ የቀረውን አየር በሩሎ አስወጣ። ደርቆም ቢመስልህ አንድ ቀን ሙሉ በፎርማው ውስጥ ተወው።

ሬዚኑን የሚያጠነክረው ማድረቂያ መጠኑ ከመቶ አንድ እስከ ሁለት ነው፤ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ዕለት «ዓይኔ ሚዛኔ ነው» ብዬ ዝም ብዬ ጨመርሁበት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቈይ ጣሳው እጄን አቃጠለኝ፤ ጭስ አወጣ፤ ብሩሹም በመካከሉ እንደ ችንካር ቆሞ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸ ነው። እንግዲህ ወርቅ ሠሪ እንደሚመዝን መዝን፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ የምትጨርሰውን ያህል ብቻ በጥብጥ። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች በሆነበት ቀን ግን ሬዚኑ በደንብ አይጠነክርም፤ እርጥበትም ጠላቱ ነውና የአዲስ አበባን ክረምት አሳልፈህ ሥራ።

ከሁሉ በላይ ግን ይኸንን አድምጠኝ። ፓራፋንጎ ቢበላሽ ሌላ ይሠራል፤ ዓይን ግን አይሠራም። ማድረቂያው ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላልና የዓይን መከላከያ ሳታደርግ ጠርሙሱን አትክፈት። ከገባም ወዲያውኑ በብዙ ውኃ እያጠብህ ወደ ሐኪም ሩጥ። ኮባልት የሚባለው ማፋጠኛ ለብቻው ከተሸጠልህ ከማድረቂያው ጋር በቀጥታ አታገናኘው፤ ሊፈነዳ ይችላል። የሬዚኑ እንፋሎት ራስ ያዞራል፥ እሳትም ይይዛል። ስለዚህ ከሰል በተያያዘበት ወይም ሕፃን በተኛበት ቤት ሳይሆን በአየር ላይ፥ ጓንትና የኬሚካል ትነት የሚያግድ ጭምብል አድርገህ ሥራ። ስትሞርደውም ብናኙን አትተንፍስ።

ፓራፋንጎውን ስትገጥም ብሎኑ እንዳይሰነጥቀው ሰፊ ሮንዴላ ግባበት። ፋይበር ግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና፥ በላሜራው በኩል ይመለስ ለነበረው መብራት ማሳ የሚባለውን ሽቦ ለብቻው ዘርጋለት፤ አለዚያ አምፑሉን ስትለዋውጥ ትመሻለህ። ፓራፋንጎና ኮፈን ሥራ፤ የመኪናውን ወገብ የሚሸከመውን ብረት፥ ፍሬኑንና የወንበር ቀበቶ የሚታሰርበትን ግን ለባለሙያ ተውለት። በእነዚያ ላይ የሚታመነው የሌላም ሰው ነፍስ ነውና።

ከትምህርትህ ወይም ከቢሮህ የተረፉህን ጥቂት ቅዳሜዎች ለዚህ ብታውል፥ ከእነርሱ አብዛኞቹ ማንም በማያየው በፎርማው ላይ እንደሚያልፉ ከወዲሁ እወቅ። ብዙዎች ሥራውን የሚጥሉት እዚያ ላይ ነው። አንተ ግን ታገሥ። ስለ ቀለሙ አቀባብ በሌላ ጊዜ እንጫወታለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብት።