የፈረስ መንደር ለቆላው ይበጃልን?

እንደሚታወቀው፣ መሬት የጠበበው የደጋ ወጣት ወደ መርሳ፣ ወደ ውርጌሳ ወይም ወደ ወልዲያ ሲወርድ ፈረሱን ይዞ ጋሪ ለመንዳት ያስባል። እንዲህ ያለው ሰው በርከት ሲል፣ ዛሬ ቀበሌ ይባል እንጂ በሀገሬው አነጋገር የገበሬ ማኅበር በምንለው መሪዎች ፊት አንድ ጥያቄ ይቀርባል። ይኸውም ለባለፈረሶች በአንድ ስፍራ የቤትና የጋጣ ቦታ እንስጥ ወይስ አንስጥ የሚል ነው። ወራጁም በበኩሉ፣ ፈረስ በሞላበት መንደር ልኑር ወይስ ፈረሴን ሸጬ ልግባ እያለ ያወጣል ያወርዳል።

ወሎ ለፈረስ እንግዳ አይደለም። የየጁ መሳፍንት መመኪያ ፈረሰኛው ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ አሰልፈው ተዋግተዋል። ስለዚህ የፈረስ ነገር ሲነሣ ሰው ሒሳቡን ትቶ ወደ ክብሩ ቢያደላ አያስገርምም።

በፈረስ ተሰባስቦ መኖር ያማረበት ሕዝብ በክልላችን አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ዘልቋል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያደርገው በዓል ብዙ ሰው ይስባል። ነገር ግን እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ሣር የማይቸግራት ደጋ ናት። በአዊ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ይጫንበታል፣ ይታረስበታልም። ፈረሱ እዚያ የገበሬው ሙሉ የሥራ ጓደኛ ነው። መርሳ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ስፍራ ስለሆነች፣ የእንጅባራን አይቶ የመርሳን መወሰን አይቻልም።

ዋናው ጉዳይ በሽታ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን የሚያስተላልፉት በዓይን የማይሞሉ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ሲሆኑ፣ እነርሱም በሞቃትና እርጥበት ባለው ስፍራ በክረምትና በመኸር ይራባሉ፤ የሚናከሱትም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በሽታው በጸናበት ጊዜ ሳንባው ውሃ ይሞላል፤ ፈረሱ ከአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። በቅሎ የተሻለ ትቋቋመዋለች፤ አህያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅባት ያልፋል። በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ለዚህ በሽታ ክትባት ያዘጋጃል። ይሁንና የበሽታው ቫይረስ 9 ዓይነት በመሆኑ ለአንዱ የተሠራ ክትባት ለሁሉም መከላከያ ነው ተብሎ አይታመንም።

ሁለተኛው በቁስል የሚገባ ፈንገስ ነው። በቆዳው ሥር እንደ ዶቃ ተሰካክቶ እየፈረጠ መግል ያወጣል። በሀገራችን የጋሪ ፈረሶችን በብዛት የሚያጠቃውም ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። መርሳም ወልዲያም በዚሁ መሐል ይገኛሉ። ገጣባው ሳይድን ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ለዝንቡ የተከፈተ በር ነው፤ ፈረሶች ተጠጋግተው በሚያድሩበት ጋጣ ደግሞ የአንዱ መግል ለሌላው ይተርፋል። እንግዲህ ባለፈረሶችን በአንድ ሠፈር ማጎር ለአስተዳደር ይመቻል እንጂ ለፈረሶቹ አይበጅም።

መኖም ሌላ ራስ ምታት ነው። መካከለኛ ፈረስ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ በሙቀት ሲሠራ የሚጠጣው ውሃም ከ20 ሊትር በላይ ነው። ጭዱ የበሬው፣ ውሃው የእናቶች እንስራ መሆኑን የሚዘነጋ መሪ ያለ አይመስለኝም። ፋንድያውም መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣውን ተሕዋስ ስለሚይዝ፣ ጋጣው ከመኖሪያ ቤትና ከውሃ ምንጭ መራቅ ይኖርበታል። በዚያ ላይ ባጃጅ የጋሪውን ገበያ ተሻምቶታል። ፈረሱ ሲደክም ማን እንደሚቀልበው አስቀድሞ ያልታሰበ እንደሆነ፣ መጨረሻው በመንገድ ዳር ተጥሎ የጅብ ራት መሆን ነው።

በእኔ አስተያየት በሜዳው ላይ ያሉ የሀብሩ ቀበሌዎች የፈረስ መንደር ባይመሠርቱ ይሻላል። ወራጁ ይግባ፤ ፈረሱን ግን በደጋ ገበያ ሸጦ በአህያ ወይም አቅሙ ከፈቀደ በበቅሎ ይተካ። መኪና በማይደርስበት የተራራ ቀበሌ ግን ነገሩ ይለያል። በዚያ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ መንገድ የሚያወርዳት ፈረስ ወይም በቅሎ በመሆኑ፣ እንስሳውን አስወግዱ የሚል ምክር ከቢሮ ሰው ካልሆነ በቀር አይመጣም።

ፈረሰኞች አስቀድመው የገቡበት ቀበሌ ደግሞ ማባረር የለበትም። ጋጣዎቹን ማራራቅ፣ ቁስል ያለበትን ፈረስ ከሥራ ማገድና ለብቻው ማሰር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ ማስገባት በመተዳደሪያ ደንብ ሊሰፍሩ ይችላሉ። የክትባቱ ጥያቄም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከነፈረሶቹ ቁጥር መቅረብ ያለበት በበጋው ነው፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ለዚያ ክረምት አይደርስም።