ለነገ የማይባል ጥገና



አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እሳት ብቻ አይደለም። ዛሬ የባንክ ሒሳብ፥ የሕሙማን ካርድና የእኛም የተማሪዎቹ ውጤት በወፍራም መዝገብ ላይ መጻፉ እየቀረ በኮምፒዩተር ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን መዝገብ የሚያስተዳድረው የሰርቨር ፕሮግራም የሰው ሥራ ነውና እንከን አያጣውም፤ ሠሪውም እንከኑን ባወቀ ጊዜ ማሻሻያ አዘጋጅቶ ያወጣል። የእኔ አሳብ አጭር ነው፤ ይህን ማሻሻያ በጊዜው አለመጫን አደራን ማጕደል ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ ጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዋሪ 25 ቀን 2003፥ የደረሰው ነገር ነው። በዚያ ቀን «ስላመር» የተባለ ትል በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ላይ ተነሣ። ፕሮግራሙ ከውጭ የሚመጣለትን ጥያቄ ርዝመት ሳይለካ ይቀበል ስለ ነበር፥ ከልኩ በላይ እህል እንደ ተጨመረበት ቁና ሞልቶ ፈሰሰ፤ የፈሰሰውም ትእዛዝ ሆኖ ኮምፒዩተሩን ገዛው። ትሉ 376 ባይት ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከዚህ አንቀጽ ያነሰ ጽሑፍ ማለት ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ደቂቃ በየ8 ሴኮንድ ተኩል እጥፍ እየሆነ፥ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊያዙ ከሚችሉት ኮምፒዩተሮች ከመቶ 90 ያህሉን ያዘ፤ ቍጥራቸውም ቢያንስ 75,000 ነበር። መዝገብ አልሰረዘም፤ ግን ራሱን ወደ ሌሎች ሲልክ መንገዱን ሁሉ አጨናነቀ። በአሜሪካ ከባንክ ኦፍ አሜሪካ 13,000 ኤቲኤሞች የሚበዙት ለጊዜው ገንዘብ መክፈል አቃታቸው፤ በደቡብ ኮርያ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በሲያትል አቅራቢያም የአስቸኳይ ጥሪ ተቀባዮች ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሱ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን መድኃኒቱ አስቀድሞ መገኘቱ ነው። ማይክሮሶፍት ማሻሻያውን ያወጣው ሐምሌ 17 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር፤ ትሉ እስኪነሣ ድረስ ድፍን ስድስት ወርና አምስቱ የጳጕሜን ቀኖች አልፈዋል። ማይክሮሶፍት ራሱ እንኳ ያልታደሱ ኮምፒዩተሮች ስለ ነበሩት አላመለጠም። ብዙዎች ደግሞ ፕሮግራሙ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተጭኖ በኮምፒዩተራቸው ውስጥ መኖሩን አያውቁም ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ደኅና የሚሠራን ነገር መነካካት ያበላሻል» ይላሉ። ይህ ክርክር ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም፤ ማሻሻያ ሥራ ያስተጓጐለበት ጊዜ አለና። ዳሩ ግን መፍትሔው መተው ሳይሆን መጠንቀቅ ነው፤ አስቀድሞ የመዝገቡን ቅጂ ማስቀመጥ፥ ማሻሻያውንም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ይገባል። ደግሞም ማሻሻያው ሲታወጅ ደካማው በር የቱ እንደ ሆነ ሌባውም አብሮ ይሰማል፤ ስለዚህ ከዐዋጁ በኋላ በቸልታ የሚያልፍ ቀን ከቀድሞው ይልቅ አደገኛ ነው።

እንግዲህ መዝገብ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሦስት ነገሮችን ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፥ ምን ምን ፕሮግራም እንዳለው ጽፎ ይያዝ። ሁለተኛ፥ ኀላፊው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን፤ የሁሉ የሆነ ሥራ የማንም አይደለምና። ሦስተኛ፥ በወር የታወቀ የእድሳት ቀን ይኑረው፤ ማይክሮሶፍትም ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ማሻሻያዎቹን በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ የሚያወጣው ሰው አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ! ከእኛ መካከል ነገ ብዙዎች በኮምፒዩተር ሙያ ይሰማራሉ። ሁላችንም አዲስ ነገር መሥራትን እንመኛለን፤ ቤት ሲመረቅ ጭብጨባ አለ፥ ጣራው ሲጠገን ግን የሚያጨበጭብ የለም። ቢሆንም በዝናም ጊዜ ሰውን የሚያድነው የተጠገነው ጣራ ነው። ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን፥ ጭብጨባ የሌለውን ይህን ሥራ እንደ ክብር ሥራ እንቍጠረው።