ዝገትና ትዕግሥት

በሰፈራችን ጫማ የሚሰፉ አንድ አዛውንት አሉ። ባለፈው ክረምት ከመርካቶ፥ ከምናለሽ ተራ፥ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና በቁራጭ ብረት ዋጋ ገዝተው መጡ። መዘውሩ አልዞር ብሎ፥ አካሉም ዝገት ለብሶ ስለ ነበር፥ ያየ ሁሉ «ገንዘብዎን ጣሉት» አላቸው። እርሳቸው ግን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ ቢያደርጉት «ሲንጀር 29ኬ» የሚል ምልክት ብቅ አለ።

«ኬ» የምትለው ፊደል በስኮትላንድ፥ በክላይድባንክ ከተማ የነበረውን የኪልቦዊን ፋብሪካ ታመለክታለች። ፋብሪካው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ተከፍቶ በ1980 ተዘግቷል፤ እንግዲህ ከዚያ ከወጡት መኪናዎች ታናሹ እንኳ ዛሬ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ተራው የስፌት መኪና ጨርቁን ከሥር በጥርስ እየሳበ ሲሰፋ፥ ይህኛው ቆዳውን ከላይ በእግሩ እየረገጠ ያራምዳል። እግሩም ዙሪያውን ስለሚዞር ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይሰፋል። ክንዱ ቀጭን ስለ ሆነ ጫማው ውስጥ ገብቶ ይጥፋል።

የአዛውንቱ ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። የአባቱን ሙያ ለባልደረቦቹ ነግሮ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣና መዶሻ አንሥቶ «አባባ፥ ይተዉት እኔ ላላቅቀው» አለ። አባትየው እጁን ያዙት።

«ልጄ፥ የያዘው የደረቀ ዘይት ነው፤ ብረቱ አልሞተም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉት።

በየመጋጠሚያው ላምባ አንጠባጥበው አሳደሩት። በማግስቱ መዘውሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርገው፥ የወጣውን ጥቁር እድፍ ጠርገው፥ ላምባውን ደገሙት። ልጁም ከሥራ ሲወጣ ማታ ማታ እየመጣ ፋኖስ ይይዝላቸው ጀመር። በአራተኛው ቀን መዘውሩ ዞረ። ላምባ ያጥባል እንጂ አያለሰልስምና፥ ቀጥሎ የስፌት መኪና ዘይት አጠጡት። የወጥ ዘይት ግን ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ አላስጠጉትም። ወርቅማ ጽሑፉንም በብርጭቆ ወረቀት አልፈገፈጉትም።

በቁራጭ ቆዳ ሲሞክሩት ስፌቱ እያጠረ ሄደ። ልጁ ክሩን ወቀሰ። አባትየው ግን እግሩን የሚያራምደው ብረት በብዙ ዘመን ሥራ መበላቱን አሳዩት፤ ያንኑ ቶርኖ ቤት ወስደው አስሞሉት።

አንባቢዬ ሆይ፥ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ስድቡን ቢከለክልም፥ ሐፍረቱ ግን በልጆች ልብ እንደ ደረቀ ዘይት ተጣብቆ ቀርቷል። እርሱንም በመዶሻ የሚያላቅቀው የለም።

ባለፈው ሳምንት ጫማዬን ላስጠፍ ብሄድ ጸሐፊው ቀድሞኝ ደርሶ አገኘሁት። ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ የያዘ አንድ የሥራ ጓደኛውን አስከትሎ ነበር። ወደ አዛውንቱ እያመለከተ «አባቴ ናቸው፤ አሁኑኑ ይሰፉልሃል» አለው።