ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል፤ አጥንት ግን ቀጠሮ አለው

ጤናና ስፖርት



ኳስ ሲጫወት እግሩ የተሰበረ፣ ከብስክሌት ወድቆ ትከሻው የወለቀ ወይም ሩጫ ሲለማመድ ጉልበቱን የታመመ ወጣት በየሰፈራችን አይጠፋም። ጉዳቱ በደረሰ ሰሞን ቤተሰቡ ሁሉ ይሯሯጣል። ሐኪም ይፈለጋል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ ሾርባ ይሠራል። ትልቁ ክርክር የሚነሣው ግን ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላ ነው። ልጅ «ድኛለሁ፣ ልሂድ» ይላል፤ እናት «ትንሽ ቆይ» ትላለች። ለመሆኑ ከሁለቱ ማን ነው ትክክል? በዚህ ወር ዓምዳችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የአንድ ስፖርተኛ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የ226 ኪሎ ሜትር ፈተና

ትሪያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን ተከታትለው የሚካሄዱበት ስፖርት ነው። በኦሎምፒክ የሚታየው አጭሩ ዓይነት ሲሆን፣ 1.5 ኪ.ሜ. ዋና፣ 40 ኪ.ሜ. ብስክሌትና 10 ኪ.ሜ. ሩጫ አለው። ረጅሙ ግን ሌላ ዓለም ነው። ተወዳዳሪው 3.8 ኪ.ሜ. ይዋኛል፤ ከውኃ ወጥቶ 180 ኪ.ሜ. ብስክሌት ይጋልባል፤ ከብስክሌቱ ወርዶ ደግሞ ሙሉ ማራቶን፣ ማለትም 42.195 ኪ.ሜ. ይሮጣል። ሲደመር 226 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ለተራው ተወዳዳሪ በአብዛኛው የሚሰጠው የጊዜ ገደብ 17 ሰዓት ነው።

ይህ ውድድር የተጀመረው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 በሃዋይ ደሴቶች፣ ኦዋሁ በተባለችው ደሴት ላይ ነው። ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ የትኛው ይበልጥ ጠንካራ ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ጆን ኮሊንስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ከባለቤቱ ከጁዲ ጋር ሆኖ በደሴቲቱ የነበሩትን ሦስት ውድድሮች አንድ ላይ የማጋጠም ሐሳብ አቀረበ። በመጀመሪያው ውድድር 15 ሰዎች ተነሥተው 12 ብቻ ጨረሱ። ጎርደን ሃለር የተባለው አሸናፊ የፈጀበት ጊዜ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ነበር። ውድድሩ «አይረንማን» ወይም የብረት ሰው የሚል ስም ወጣለት።

ጥቂት ቀን ሲቀረው

ቲም ዶን የተባለው እንግሊዛዊ የተወለደው በዚያው በ1978፣ የመጀመሪያው አይረንማን ከመካሄዱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። በሲድኒ፣ በአቴንስና በቤጂንግ ኦሎምፒኮች አገሩን ወክሎ ተወዳድሯል፤ በ2006 ደግሞ በአጭሩ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ወደ ረጅሙ ርቀት የተሻገረው ዕድሜው ከበሰለ በኋላ ነው። በሜይ 2017 በብራዚል ፍሎሪያኖፖሊስ ከተማ 226ቱን ኪሎ ሜትር በ7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። እስከዚያ ቀን በአይረንማን ስም በተካሄዱ ውድድሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ሰዓት ተመዝግቦ አያውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ለዓለም ሻምፒዮናው ወደ ኮና፣ ሃዋይ ሄደ። ውድድሩ ጥቂት ቀን ሲቀረው በብስክሌት ሲለማመድ መኪና ገጨውና ወደቀ። በምርመራም ሁለተኛው የአንገት አጥንቱ መሰበሩ ታወቀ።

አንገታችን ሰባት አጥንቶች አሉት። የመጀመሪያው ጭንቅላታችንን የተሸከመ ሲሆን፣ ፊታችንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስናዞር የሚሽከረከረው በሁለተኛው ላይ ነው። በመካከላቸው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። በዚህ ከፍታ ላይ ኅብለ ሰረሰር ከተጎዳ እጅና እግር ብቻ ሳይሆን መተንፈስም ሊቆም ይችላል። ቲም ዶን ከዚህ አደጋ የተረፈው ለጥቂት ነው።

ሦስት መንገዶች

ሐኪሞች ሦስት አማራጭ አቀረቡለት። አንደኛው ለስላሳ የአንገት መደገፊያ አድርጎ መጠበቅ ነው፤ ምቾት አለው፣ ነገር ግን አጥንቱ በትክክል ለመግጠሙ ዋስትና አይሰጥም። ሁለተኛው አጥንቶቹን በቀዶ ጥገና ማያያዝ ነው፤ ስብራቱ ይጠነክራል፣ አንገት ግን እንደ ልብ አይዞርም። ሦስተኛው «ሄሎ» የሚባል የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ በራስ ቅል ላይ በአራት ብሎኖች ይታሰራል፤ ከእሱ የወረዱ ዘንጎች ደግሞ ደረት ላይ ከሚለበስ ጠንካራ ሰደሪያ ጋር ይያያዛሉ። ከሦስቱ እጅግ የሚያሠቃየው ይህ ነው። አንገት ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው እንቅስቃሴው የመመለስ ተስፋው ግን ከሌሎቹ ይበልጣል። ቲም ዶን ይህን መረጠ።

ለሦስት ወር ያህል ከቀለበቱ ጋር ኖረ። ሄሎ ያደረገ ሰው እንደ ልቡ ጋደም ማለት አይችልም፤ ቲም ዶንም ተቀምጦ መተኛት ነበረበት። ልብስ መልበስም ሆነ መታጠብ ያለ ሰው እርዳታ ይከብዳል። ሸክሙ የእሱ ብቻ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። ሰው ሲጎዳ ቤተሰብ አብሮ ይታመማል፤ ሲያገግምም አብሮ ያገግማል። የስፖርት ዜና አሸናፊውን ሲያወድስ ሌሊት ትራስ ያስተካከለችውን ሚስት አያነሣም።

ደረጃ በደረጃ

ቀለበቱ ራሱ ላይ ሳለ ቲም ዶን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አንገቱ ታስሮ ስለነበር እግሩ ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ቆሞ በሚሠራ የቤት ውስጥ ብስክሌት ላይ ቀስ እያለ መርገጥ ጀመረ። የተከለከለውን ሳይነካ የተፈቀደውን ሠራ። ሶብር ማለት ይህ ነው። እጅን አጣምሮ መጠበቅ ብቻ ሶብር አይባልም፤ የዛሬን ድርሻ ሠርቶ የነገውን ለነገ መተውም ሶብር ነው።

ከዚያ በኋላ የሄደበትን ቅደም ተከተል ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በ2018 መጀመሪያ ቀለበቱ ተፈታ። ኤፕሪል 16 ቀን የቦስተን ማራቶንን ሮጠ። ቦስተን ለእኛ እንግዳ አይደለችም፤ አበበ መኮንን በ1989፣ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2013 እና በ2015 ያሸነፉባት ከተማ ናት። የ2018ቱ ውድድር ብርድ፣ ዝናብና የፊት ለፊት ነፋስ የበረታበት ስለነበረ ብዙ ታዋቂ ሯጮች አቋርጠዋል። ቲም ዶን በ2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ጨረሰ። አንድ ነገር እናስተውል፤ ከአንድ ዓመት በፊት በብራዚል ዋኝቶና 180 ኪ.ሜ. ጋልቦ የሮጠው ማራቶን ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነበር። አሁን ማራቶኑን ብቻውን ሮጦ ከዚያ ዘገየ። ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ቢሆንም የዚያን ቀን መመዘኛው የድሮው ሰዓት አልነበረም።

በጁን ወር ኮስታ ሪካ ውስጥ የግማሹን ርቀት ውድድር፣ ማለትም 113 ኪ.ሜ. ያህሉን አሸነፈ። ሙሉውን ርቀት የሞከረው ከዚያ በኋላ፣ በጁላይ መጨረሻ ጀርመን ሃምቡርግ ላይ ነው። የሚያስገርመው ያን ቀን የሐይቁ ውኃ በአልጌ ተበክሎ ስለነበር ዋናው ተሰረዘና 6 ኪ.ሜ. ሩጫ ተተካ። ሰው ሲያቅድ ሁሉም በእጁ አይደለምና የቀረበለትን ወሰደ። በኦክቶበር 2018 ወደ ኮና ተመልሶ ውድድሩን ከዘጠኝ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፈጸመ። ከአሸናፊው ከፓትሪክ ላንገ 7 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ብዙ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ቢሆንም ከአንድ ዓመት በፊት ሳይነሣበት የቀረውን ውድድር ጨርሶ ወጣ።

ትንፋሽና አጥንት

እዚህ ላይ የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር ይመጣል። ከጉዳት የሚመለስ ስፖርተኛ በጣም የሚያሰጋው የሚያሠቃየው ሰሞን ነው ብለን እናስባለን። እንደ እውነቱ ከሆነ የሚያሰጋው ደህና የሆነ ሲመስለው ነው። ምክንያቱም የሰውነታችን ክፍሎች እኩል አይድኑም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይነቃሉ። ጡንቻም ቶሎ ይከተላል። ጅማትና አጥንት ግን ብዙ ይዘገያሉ። የተሰበረ አጥንት መጀመሪያ በረጋ ደም ይከበባል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ ይህ ድልድይ ጠንካራ አጥንት የሚሆነው በተከታዮቹ ሳምንታትና ወራት ነው። ከዚያም አጥንቱ የቀድሞ ቅርጹን ለመያዝ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። እንግዲህ ትንፋሹ «እችላለሁ» በሚልበት ቀን አጥንቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ረጅም ትሪያትሎን ለአንገት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ብናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። ዋናተኛ ትንፋሽ ለመውሰድ ፊቱን ሺህ ጊዜ ያዞራል። ብስክሌተኛ ለሰዓታት አጎንብሶ መንገዱን ለማየት አንገቱን ቀና ያደርጋል። ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ግፊት በእግሩ በኩል ይቀበላል። ቲም ዶን በመጀመሪያ የቆመ ብስክሌት፣ ቀጥሎ ሩጫ፣ ከዚያ ግማሽ ርቀት፣ በመጨረሻ ሙሉ ርቀት እያለ መሄዱ ስሌት ያለው ነበር። የዕድሜ ልክ ልምድና የቅርብ የሐኪም ክትትል እንደነበረውም አንርሳ። ወጣቶች ከእሱ ቅደም ተከተሉን እንጂ የቀን መቁጠሪያውን አይውሰዱ።

አንዳንድ አንባቢ «አበበ ቢቂላስ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አበበ በ1964 ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከአንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፏል። ነገር ግን የሆድ ቁስልና የአንገት ስብራት አንድ አይደሉም። እያንዳንዱ ጉዳት የራሱ ቀጠሮ አለው፤ የአንዱን ለሌላው ማዋስ አይቻልም።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ሰው ከከፍታ፣ ከብስክሌት ወይም ከፈረስ ወድቆ አንገቱን ካመመው አታንሡት፤ አታስቀምጡት፤ አንገቱንም አታዙሩ። ጭንቅላቱን እንዳለ ይዛችሁ የሕክምና እርዳታ ጥሩ። እጅ ወይም እግር መደንዘዝ፣ መዛልና የትንፋሽ መቸገር ከባድ ምልክቶች ናቸው፤ አለመታየታቸው ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ወጌሻ አንገትን እንዲያሽ ወይም እንዲጎትት ፈጽሞ አትፍቀዱ። ራጅ ሳይታይ የተነካ አንገት ዕድሜ ልክ አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «መቼ እጫወታለሁ?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «እስከዚያው ምን መሥራት ይፈቀድልኛል?» ብላችሁም ጠይቁ። እግሩ በጄሶ ላለ ልጅ የእጅና የሆድ እንቅስቃሴ ሊፈቀድለት ይችላል። የሚሠራው ነገር ያገኘ ልጅ የተከለከለውን ለመስረቅ አይቸኩልም።

ሦስተኛ፣ ወደ ልምምድ ስትመለሱ ርቀትንና ፍጥነትን በአንድ ጊዜ አትጨምሩ። በማግስቱ ጠዋት ካበጠ፣ ካመመ ወይም ካስነከሰ ትናንት የሠራችሁት በዝቷል ማለት ነው። ማስታገሻ ውጦ መጫወት ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ጉዳቱን አያድንም። ሲጋራም የአጥንትን መግጠም እንደሚያዘገይ እወቁ። ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬና የጠዋት ፀሐይ ደግሞ ለአጥንት ይጠቅማሉ።

አራተኛው ለወላጆችና ለአሠልጣኞች ነው። ልጅ ሕመሙን የሚደብቀው ከቡድኑ እንዳይወጣ ሲፈራ ነው። «አመመኝ» ያለውን ልጅ ፈሪ ያለ አሠልጣኝ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን አይሰማም። ቦታው እንደሚጠብቀው የተነገረው ልጅ ግን ይናገራል።

እንግዲህ ከመግቢያችን ላይ ከተከራከሩት እናትና ልጅ ማን ነው ትክክል? ልጁ ስለ ትንፋሹ እውነቱን ነው፤ እናት ደግሞ ስለ አጥንቱ እውነቷን ነው። ሁለቱም አብረው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጥቂት ሳምንት መዘግየት አንድ የውድድር ወቅት ያስቀር ይሆናል፤ መቸኮል ግን ስፖርቱን ከነጭራሹ ሊያስቀር ይችላል።

ለታመሙት ሁሉ አላህ ዓፊያውን ያምጣላቸው። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።