የቡናን አገር ስለሚመሰክረው ጥበብና ስለ ሹማምንት ግዴታ

የቡና ፍሬ ተፈልፍሎ፣ ደርቆና ተከቶ ከጆንያ ከገባ በኋላ፣ የይርጋ ጨፌ ይሁን የሐረር ራሱ አይናገርም። የሚናገርለት በጆንያው ላይ የተጻፈው ስም ነው። ስምን ግን ማንም ሊጽፈው ይቻለዋል፤ ይልቁንም ስሙ ብዙ ዋጋ የሚያወጣ እንደ ሆነ የሚጽፈው ይበዛል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓመተ ምሕረት የሐረርን፣ የይርጋ ጨፌንና የሲዳሞን ስም በአሜሪካ አገር የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ያመለከተው የስሙን ዋጋ ስላወቀ ነው። ሆኖም ሕግ ስሙን ይጠብቃል እንጂ በጆንያው ውስጥ ያለው ፍሬ የዚያው አገር መሆኑን ብቻውን ሊያረጋግጥ አይችልም።

ለዚህ ሊቃውንት ሌላ ምስክር አግኝተዋል። አንድ ንጥረ ነገር በጠባይ አንድ ሆነው በክብደት የሚለያዩ አተሞች አሉት፤ እነዚህም አይሶቶፕ ይባላሉ። ከባዱን ሃይድሮጂን አሜሪካዊው ሊቅ ሃሮልድ ዩሪ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1931 አግኝቶ በ1934 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ደመና ከባሕር ተነሥቶ ወደ የብስና ወደ ደጋ ሲሄድ ከባዱ ውሃ አስቀድሞ ይዘንባል፤ ቀላሉም ይተርፋል። ስለዚህ የየስፍራው ውሃ ልክ ልዩ ልዩ ነው፤ ተክልም ከጠጣው ውሃ ምልክቱን በፍሬው ያስቀራል። እንዲሁም ስትሮንሺየም የተባለው ከድንጋይ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ሥር ይገባል፤ እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው ጥቁር ድንጋይና ከጥንታዊው ግራናይት የሚመጣው ልኩ አንድ አይደለም። ይህን ሁሉ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል መሣሪያ ይለካዋል።

ማርን እንመልከት። ሸንኮራ አገዳ ንብ ከምትቀስማቸው አበቦች ከአብዛኞቹ ይልቅ ከባዱን ካርቦን አብዝቶ ይይዛል። ስለዚህ የአገዳ ስኳር የገባበት ማር ከራሱ ውስጥ ከሚወጣው ፕሮቲን ጋር ሲነጻጸር፣ ስኳሩ ከመቶ 7 እጅ ያህል ከሆነ ይገለጣል። ማር በራሱ ላይ ይመሰክራል ማለት ነው። ቡና ግን እንዲህ አይደለም። ‹‹ይህ ፍሬ የይርጋ ጨፌ ነው›› ለማለት፣ አስቀድሞ በእርግጥ ከይርጋ ጨፌ ዛፍ የተለቀመ ፍሬ ተለክቶ በመዝገብ መገኘት አለበት። የአውሮጳ መንግሥታት ማኅበር ይህን አውቆ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ለወይን ጠጅ የጋራ መዝገብ አቋቁሟል።

ለእኛማ የራሳችን መዝገብ እጅግ ያስፈልገናል። አዲስ አበባ በደጋ ላይ ሳለች፣ ዝናሟ ከከፍታዋ ከሚጠበቀው ይልቅ ከባዱን ውሃ አብዝቶ የያዘ መሆኑ ሊቃውንትን ሲያነጋግር ኖሯል። ስለዚህ ለሌላ አገር የተሠራ ስሌት ለእኛ አይበቃም።

አንዳንድ ሰዎች የመሣሪያውን ውድነት ብቻ ያነሣሉ። በእኔ አሳብ ግን የሚበልጠው ችግር ይህ አይደለም። መሣሪያ ይገዛል፤ ባይገዛም ናሙናው መሣሪያው ወዳለበት ይላካል። እውነተኛ ናሙና ግን አይገዛም። ሰብሳቢው ከገበያ ጆንያ ዘግኖ ‹‹ከዛፍ ለቀምሁ›› ቢል ሐሰቱ በመዝገብ ይጸናል፤ ከዚያም ወዲህ የእውነተኛው ገበሬ ቡና እንደ ሐሰት ይቈጠራል። ድካሙም ስሙም በአንድ ቀን ይጠፋበታል።

ስለዚህ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፣ እናንተም የሰፊ እርሻ ባለቤቶች፣ ይህን ነገር እንደ ቀላል አትዩት። ናሙናው በገበሬው ፊት ከዛፉ ላይ ይለቀም። የቀበሌው ስም፣ የቦታው ከፍታና የተለቀመበት ቀን ይጻፍ። ለሁለት ተከፍሎም አንዱ እጅ በማኅተም ታሽጎ በወረዳው ይቀመጥ። ዝናምም ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ሥራው በየመከሩ ይደገም።

ጥበቡም ወሰን እንዳለው መታወቅ ይገባዋል። ዝናማቸውና ድንጋያቸው አንድ የሆኑ ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎችን ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ በመሣሪያ ቃል ብቻ በገበሬ ላይ መፍረድ አይገባም፤ የሽያጭ ደብተሩና የጎረቤቱ ምስክርነት አብሮ ይታይ። መሣሪያው የሚፈርደው እኛ በሰጠነው ናሙና ነውና፣ አስቀድመን ናሙናውን እናቅና።