41ኛ ወጣሁ፤ እና ምን ይጠበስ?

ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይህችን ጥያቄ ሳይሰማ ያደገ ያለ አይመስለኝም፦ «ስንተኛ ወጣህ?» ካርድ በተቀበልን ቁጥር ጎረቤት ይጠይቃል፣ አጎት ይጠይቃል፣ ታክሲ ውስጥ ያገኘን የአባታችን ጓደኛ ሳይቀር ይጠይቃል። «ምን ተማርክ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እስከ ሦስተኛ የወጡት ይጨበጨብላቸዋል፤ ከአራተኛ በኋላ ያለነው ካርዳችንን አጥፈን ኪሳችን እንከታለን። ትምህርት ቤት ካለቀ በኋላም ጥያቄዋ አትለቀንም። ስፖርት ላይ ምን ያህል እንደጎዳችን በደንብ የገባኝ ግን እዚህ ሰው አገር ነው፤ ያውም ብስክሌት ተሸክሜ ጭቃ ውስጥ ስሮጥ፣ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ላይ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ነው። ብርዱ ሲገባ ቅዳሜና እሁድ ሳይክሎክሮስ እወዳደራለሁ። ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ የብስክሌት አገር አቋራጭ በሉት። ቀነኒሳ በቀለ በአዋቂዎች ምድብ 11 የግል የዓለም ወርቅ የወሰደበትን የአገር አቋራጭ ሩጫ አስቡና ሯጮቹን ብስክሌት ላይ አስቀምጧቸው። አንዱ ዙር በትልልቆቹ ውድድሮች ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሣር አለው፣ ጭቃ አለው፣ አሸዋ አለው። መሃል ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱ ጣውላዎች ይጋረጣሉ። እዚያ ስትደርሱ ዘላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ብስክሌቱን አንስታችሁ ትሻገራላችሁ፣ እየሮጣችሁ መልሳችሁ ትፈናጠጣላችሁ። ዳገቱ ሲብስ ደግሞ ትከሻ ላይ አድርጎ መሮጥ ነው። ብስክሌት የተሠራው ሰው እንዲሸከም ነው ወይስ ሰው እንዲሸከመው የሚያሰኝ ስፖርት ነው።

የፈጠሩት ፈረንሳዮች ናቸው። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያካሄዱት እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ1950 ፓሪስ ላይ ተደረገ። የጎዳና ብስክሌተኞች በብርዱ ወራት ሰውነታቸው እንዳይላሽቅ የጀመሩት ነገር ስለሆነ፣ ብርዱ በአጋጣሚ የመጣ እንግዳ አይደለም። የስፖርቱ ባለቤት እሱ ነው።

ስለ ብርዱ ትንሽ ልንገራችሁ። ጠዋት መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ትናንት ጭቃው ላይ ያለፈው ጎማ የተወው ቦይ ሌሊቱን ደርቆ ያድራል፤ ጎማችሁ አንዴ ከገባበት የሚሄደው ቦዩ ወደሚወስደው እንጂ እናንተ ወደምትፈልጉት አይደለም። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የላይኛው ይቀልጣል፣ ከስሩ ግን በረዶ ነው፤ ሳሙና የተቀባ ወለል በሉት። በ9 ሰዓት የሚወዳደሩትና ጠዋት የተወዳደሩት አንድ ሜዳ ላይ ነበሩ ለማለት ይከብዳል። ለዚህ ነው ሰዉ ሁሉ ከውድድሩ በፊት ስለ ጎማ ነፋስ ብቻ የሚያወራው። ትንሽ ካስተነፈሳችሁት ጭቃውን ይቆነጥጣል፤ ከበዛ ቸርኬው መሬት ይመታል። (አንድ የአካባቢ ጉድ ልጨምር፦ እዚህ አገር ጎማ የሚበሳ ክፉ ኩርንችት አለ። ስለዚህ ጎማ ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ሳይጨምር የሚወጣ የለም።)

ልብስስ? ደራርባችሁ ከገባችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በላብ ትጠመቃላችሁ። ቀለል አድርጋችሁ ከመጣችሁ መነሻው ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል። ጃኬት የሚወልቀው ሊጀመር አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጓንቱ ወፍራም ከሆነ ፍሬኑ አይታወቃችሁም፤ ስስ ከሆነ ጣቶቻችሁ ይደነዝዛሉ። መደንዘዙ እኮ ምንም አይደል! ጉዱ ያለው ውድድሩ አልቆ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ደሙ ወደ ጣቶቻችሁ ሲመለስ ነው። ጢማም ጎረምሶች መሪ ጨብጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ከፍታውን አልፈራውም። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ ሰዎች «አየሩ ሳስቶብን» ሲሉ ፈገግ እላለሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ግን እመኑኝ፣ አዲስ አበባ ተወልጄ ማደጌ አንድም ሰው እንድቀድም አልረዳኝም።

ባለፈው ታኅሣሥ ከአንዱ ውድድር በኋላ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ብስክሌት እንደምወዳደር ታውቃለች፤ ይህን ያህል ብርድ ላይ መሆኑን ግን አታውቅም ነበር።

«ስንተኛ ወጣህ ልጄ?»

«41ኛ።»

«ከስንት?»

«ከ46።»

ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ለ41ኛ ነው በዚህ ብርድ የወጣኸው?»

እናቴ ላይ አልፈርድም፤ እኛ ሁላችንም የምንጠይቀውን ነው የጠየቀችው። ግን የ41ኛን ጉዳይ ላስረዳችሁ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ሁሉም እንደ ጎርፍ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ይበታተናል። ፊት ያሉት ለዋንጫው ይፋለማሉ፣ እኔ ከእነሱ ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም። ያን ቀን የኔ ጉዳይ ከፊቴ ካሉ ሁለት ሰዎች ጋር ነበር፤ አንደኛው ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ፣ ሌላዋ ቀይ ቆብ ያደረገች ሴት። እኔ ጣውላው ላይ እደርስባቸዋለሁ፣ እነሱ አሸዋው ላይ ያመልጡኛል። መሪው ደርቦን ሲያልፍ እንኳን ቀና ብለን አላየነውም። በትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ሊደረብ የተቃረበ ሰው ከሜዳው እንዲወጣ ይደረጋል፤ እኛ ዘንድ ግን አሸናፊው እስኪጨርስ ድረስ ትቀጥላላችሁ። በመጨረሻው ዙር ሴትዮዋን አለፍኳት፤ ሽማግሌው ግን በሁለት ሜትር ቀደሙኝ። የልቤ ምት ለዋንጫ ከሚፋለመው ሰው ልብ በምን ያንሳል?

«ደረጃ ባይኖር ቀነኒሳ ከየት ይመጣ ነበር?» የሚል አይጠፋም። ደረጃ ይጥፋ አላልኩም። እኔም ውጤት ሲለጠፍ ስልኬን ለማውጣት የመጀመሪያው ሰው ነኝ። ግን ቀነኒሳም፣ ደራርቱም፣ ጥሩነሽም የወጡባትን በቆጂን እዩ። እዚያ የሚሮጠው ልጅ ሁሉ ሻምፒዮን አልሆነም፤ ሻምፒዮኖቹ የወጡት ግን ከሚሮጠው መሃል ነው። በሳይክሎክሮስም በዓለም ሻምፒዮናነት ቤልጂየምን የሚያህል የለም፤ እዚያ እሁድ ጭቃ ውስጥ የሚገባው ሕፃኑም ጎልማሳውም ነው።

የኛ ችግር መሃሉ ባዶ መሆኑ ነው። አንድ ጫፍ ላይ ኦሎምፒክ የሚሄደው አለ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ስልኩ ላይ ጎል የሚያይና የውርርድ ቲኬት የሚቆርጥ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ታላቁ ሩጫ አለን፣ እወደዋለሁም፤ ግን ለአብዛኛው ሰው የዓመት አንድ ቀን ጭፈራ ነው። እንደማያሸንፍ እያወቀ፣ ነገሩን ከልቡ ይዞ በየሳምንቱ የሚወዳደር ሠራተኛ ወይም ተማሪ ስንት ታውቃላችሁ? አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ክለብ ያልያዘው ልጅ «አልተሳካልኝም» ብሎ ጫማውን ይሰቅላል። አልተሳካልኝም ማለት ምን ማለት ነው? እግሩ እኮ አለ።

ወጪው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብስክሌት አዲስ አበባ ውስጥ ውድ ነው። ግን የአማተር ውድድር ልዩ ብስክሌት አይጠይቅም። እዚህም ብዙ ጀማሪ የሚመጣው ተራ የተራራ ብስክሌት ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ያጨበጨብን ሰዎች፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለውን ያገለገለ ብስክሌት ተበድረን አንድ ቅዳሜ ብንሞክር ምን ይለናል?

ደግሞ የአዲስ አበባ ሐምሌ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ወር ነው። ብርድ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ሣር አለ፤ የቤልጂየም ሰው ቢያየው ይቀናል። የሚያስፈልገው ባለቤቱ የፈቀደው አንድ ሜዳ፣ መንገዱን የሚያሳይ ገመድ፣ ሁለት ጣውላና ሰዓት የሚይዝ ሰው ነው። አርባ ደቂቃ ይበቃል። ውሃና ባልዲ ግን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ከጭቃው በኋላ ብስክሌቱን ማጠብ ከውድድሩ በላይ ጊዜ ይፈጃል።