ሦስት ሳንቲ ሜትር

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ በተመላለስኩ ቁጥር አንድ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ከኋላዬ ይመጣና ጡሩንባውን ነፍቶ ያልፈኛል። ሾፌሩ ቁልቁል ሲያየኝ እግሩና የእኔ መስኮት እኩል ይመስሉኛል። የእኔዋ የ2008 ሞዴል ራቭ ፎር ናት፤ ሆዷ ከመሬት ቢርቅ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል አላስችል አለኝና አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ወስጄ አስነሣኋት። ሦስት ሳንቲ ሜትር። አሞርዛተሩ ከቦዲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ የምትገባ ወፍራም ቀለበት ናት፤ ስፔሰር ይሏታል። ጠዋት ገብታ ከሰዓት ወጣች። ማታ ሰፈር ስደርስ ጎረቤቴ "አዲስ ገዛህ እንዴ?" አለኝ። ከከፈልኩት ብር ግማሹ ለዚች ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን፣ የከተማ አውቶሞቢል ሆኖ የጂፕ መልክ የተሰጠውን መኪና ከፍ አድርጎ፣ ጎማውን ቀይሮ፣ ጣሪያው ላይ ድንኳን ጭኖ አገር ማቋረጥ ትልቅ ንግድ ሆኗል። ኦቨርላንዲንግ ይሉታል። ስሙ ነው እንጂ ነገሩስ ለእኛ አዲስ አይደለም። ለአፄ ምኒልክ መኪና ያመጣው እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የመኪና መንገድ የሚባል ነገር ሳይኖር በረሃውን አቋርጦ ነው። ዛሬም ወለጋ ውስጥ ክትባት ይዛ ወደ ገጠር የምትወርድ ነርስ፣ ቡና ሊያይ የሚዞር ነጋዴ፣ በዓመት አንዴ እናቱን ሊጠይቅ የሚመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ሥራቸው ይኸው ነው። ድንኳን ስላልጫኑ ማንም ፎቶ አያነሳቸውም።

አስፋልት ላይ ሁሉም ጀግና ነው። በአምቦ፣ በጌዶ፣ በባኮ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዱ ነቀምቴ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲኬድ ደግሞ መንገዱ እስከ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ መልሶ ይወጣል፤ ጆሮ ድፍን ይላል። ጣጣው የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ ሲታጠፉ ነው። ያ ቡና የሚያበቅለው ቀይ አፈር በበጋ ዱቄት ነው፤ በተዘጋ በር አልፎ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ሸክላ ሠሪ ያሸችው ጭቃ ይሆናል። ጎማው ሁለቴ ሳይዞር ጥርሱ በሙሉ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ውድ ጎማ ነው ያለቀ ጎማ ነው ብሎ መለየት አይቻልም፤ አራቱም ገና ያልተተኮሰ ድስት ይመስላሉ።

ሐምሌ ላይ ለቅሶ ልደርስ ከጊምቢ ወደ ዩብዶ አቅጣጫ ወጣሁ። ዩብዶ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ ፕላቲኒየም የሚወጣባት ናት፤ የመሬቷን ሀብት ያየ መንገዷን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ሳልደርስ አንዲት ረግረግ ፊቴ ተደቀነች። ከሃያ እርምጃ አትበልጥም። በደህናው ጊዜ ቢሆን ወርጄ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ በእንጨት ለክቼ እመለስ ነበር። አሁን ግን ሦስት ሳንቲ ሜትር አለችኝ! ሎክ የምትለዋን ቁልፍ ተጫንኩና ገባሁ።

መሃል ስደርስ የፊት ግራ ጎማ ሰመጠ፣ የኋላ ቀኙ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሁለቱ በየፊናቸው ይሽከረከራሉ፤ መሬት የያዙት ሁለቱ ቆመው ያያሉ። ነዳጅ ሰጠሁ። ጭቃው ጣሪያው ድረስ ተረጨ። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ የኋላዎቹ ጭራሽ መዞር አቆሙ።

የአካባቢው ልጆች ዶማና ገመድ ይዘው ብቅ አሉ። እንዴት እንዲህ ቶሎ እንደደረሱ አልጠየቅኩም። "ሱታ! ሱታ!" እያሉ፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው፣ ከጎማው ፊት ቆፍረው፣ ቅጠልና ድንጋይ ጎዝጉዘው በግማሽ ሰዓት አወጡኝ። ክርክሩ የመጣው ሂሳብ ላይ ነው። ጠዋት አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ሲያወጡ ከተቀበሉት እጥፍ ጠየቁኝ። ለምን ብል ጃኬቱን ገልብጦ የለበሰው ልጅ፣ "ጋሼ፣ አጫጭሮቹ ዳር ላይ ነው የሚያዙት፤ ወደ ኋላ ገፋ ነው። ከፍ ያሉት መሃል ድረስ ይገባሉ" አለኝ። ከፈልኩ።

ነቀምቴ ስመለስ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ሄድኩ። ከሥር ገብተው ቆዩ። ሲወጡ መዳፋቸው ላይ ጥቁር ግሪስ ነበር፤ ውስጡ ቀይ አሸዋ ያብረቀርቃል። መኪናዋ ከፍ ስትል ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች ከልክ ያለፈ አንግል ይዘዋል፤ የመጋጠሚያቸውን ግሪስ የሚሸፍነው ላስቲክ ተወጥሮ ተቀዷል፤ ጭቃው ገብቶ እንደ ወፍጮ እየፈጨ ነው። "ቁመት እንጂ እግር አልጨመርክም" አሉኝ።

"ኦቦ፣ ፎር ዊል አይደለች እንዴ?"

"ናት። ግን ላንድክሩዘሩ ከባድ ማርሽ አለው። ያንቺ የኋላ ጎማ" አሉ ወደ መኪናዋ ዞረው፣ "ኃይል የሚያገኘው በአንዲት ጣሳ በምታህል ክላች ነው። ስትግል እጇን ታነሳለች።" ያቺ ሎክ የምትል ቁልፍም ብትሆን 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲታለፍ ራሷን የምትፈታ፣ ለአፍታ ችግር የተሠራች ናት። እኔ ግን የታንክ ማርሽ ያስገባሁ መስሎኝ ነበር። ከእነዚህ የጂፕ መልክ ካላቸው መኪኖች ውስጥ ብዙ ሰው የሚንቀው ግራንድ ቪታራ፣ ከባድ ማርሽ ያለው ዓይነት ከተገኘ፣ ለእንዲህ ያለው ቦታ ከእኔዋ ይሻላል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ከሥር ገብቶ ማየት። ከዓረብ አገር ከመጡት ራቭ ፎሮች አንዳንዶቹ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዱ ናቸው፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ከሌለ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ጭቃ ውስጥ አይገፋም። ጎማ ላይ ብር ማውጣትን እደግፋለሁ፤ ጠርዙ የማይቀደድ፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ አራቱም አንድ ዓይነት። ሁለት አዲስ ሁለት አሮጌ አድርጎ መንዳት ያቺን ጣሳ ክላች ቀስ በቀስ መግደል ነው። በጎማ ቁመት አገኛለሁ የሚል ካለ ደግሞ ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ከ225/65 ወደ 235/65 በ17 ቸርኬ ቢቀየር መኪናው ከፍ የሚለው ስድስት ተኩል ሚሊ ሜትር ነው። የእርሳስ ውፍረት አይሞላም። ከዚህ ሁሉ እኔን ያተረፈኝ ብየዳ ቤት ያሠራሁት፣ የሞተሩን ዘይት መያዣ ከድንጋይ የሚከልል ላሜራ ነው። አካፋ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ሙሉ ልኩ የሆነ ትርፍ ጎማ፣ ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚነጠፍ ጣውላ መያዝም ነው። የጎማ ንፋስ ቀነስ ማድረግም ይረዳል፤ መልሶ የሚነፋ ጎሚስታ እስኪገኝ በዝግታ ለሚነዳ ሰው። ፖርቶ መጋላው ላይ ጀሪካን መደርደር ግን አይዋጥልኝም፤ በጎን ዘንበል ባለ መንገድ መኪና የሚገለብጠው የጣሪያ ክብደት ነው።

ወለጋ ውስጥ ደግሞ ከጎማውም ከላሜራውም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ በጸጥታው ችግር ምክንያት ባለፉት ዓመታት የለመድነው። "መንገዱ ክፍት ነው?" ትናንት ያለፈ ሾፌር ፈልጎ፣ ሻይ ገዝቶለት መጠየቅ ነው። ድንኳን ተክሎ ጫካ ማደር የሚለው የዚያኛው ዓለም ነገር እዚህ ለጊዜው አይሠራም። ከመሸ፣ ከተማ ገብቶ አልጋ መያዝ ነው።

ስፔሰሮቹን አስወልቄ መኪናዋን ወደ ጥንት ቁመቷ መልሻታለሁ። ቀይሬ ሌላ ልግዛ ማለትም አይታሰብም፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እንደ እኔዋ ያለች ባለ ቤንዚን የምትታቀፍ ሆናለች። ያ አዲስ ገዛህ እንዴ ያለኝ ጎረቤቴ ራሱ አዲስ ገዝቷል፤ ባለ ባትሪ፣ ሆዷ መንገዱን ሊስም የደረሰ። እኔ ነቀምቴ ሳለሁ ይዟት መጥቶ፣ "እነዚያ ቀለበቶችህ የት አሉ?" አለኝ። ኮፈኗ ውስጥ እንኳ ሞተር የሌላትን መኪና ወደ አዛውንቱ መካኒክ ወሰድኳት። እንደ ልማዳቸው ካርቶን አንጥፈው፣ ተንጋለው አንገታቸውን አስገቡ። ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋውን ባትሪ በጣታቸው መታ መታ አደረጉትና ከዚያው ከሥር ሆነው፣

"ልጄ፣ ክሪኩን የቱ ጋ ላስደግፈው?" አሉ።